ትንሹ ደራጎን

በሥራዬ ምክንያት ብዙ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ሲምል፣ ሲዋሽም አይቻለሁ። ዝናብ የቀረበት ገበሬ፣ ልጇ የጠፋባት እናት፣ ጥያቄ ሲከብድበት ውኃ የሚጠይቅ ሹም፤ የሁሉንም ድምፅ ቀርጫለሁ። የእኔ ድምፅ ግን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ባልደረቦቼ "አስካለ ቤቷ ቢቃጠል መጀመሪያ እሳቱ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ነው የምትጠይቀው" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ልክ ናቸውና። ዛሬ የምተርክላችሁ ይህ ድምፅ በሰው ፊት ስለተሰበረበት ቀን ነው። ነገሩን ያስነሳው ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ሰቆጣ ተወልጄ፣ ሰቆጣ አድጌ፣ ሰቆጣ በማርጀት ላይ ያለሁ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። ጠዋት የአካባቢውን ዜና አጠናቅራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከውጭ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ዜና ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ባሌ በሕይወት የለም። ልጆቼ ለትምህርት ከወጡ ወዲህ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ከተማው ሁሉ "የኔታ" የሚላቸው። እግራቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና አንደበታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለዚህ የሚመጣው አይገባችሁም። አባቴ የጋዝጊብላ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ ነው። እኔ ግን ኽምጣና አልችልም ነበር። ሰላምታ አውቃለሁ፣ ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅ አውቃለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር፤ እሱም የጠራ አማርኛ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቃል ካበላሸሁ አባቴ ጸሎታቸውን አቋርጠው ያርሙኝ ነበር። ሰው ሬዲዮ ላይ የሚወድልኝ አነጋገር የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ለምን የራሳቸውን ቋንቋ እንዳላስተማሩኝ ጠይቄያቸው አላውቅም። ኑሮዬ ሰው መጠየቅ ሆኖ ሳለ ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፀዳለ የመጣችው ጣቢያችን የኽምጣናውን ዝግጅት ሲያሰፋ ነው። እሷም የጋዝጊብላ ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ብዙ ያልቆየች። አማርኛዋ ይወላከፋል፤ ዜናዋን የማርምላት እኔ ነኝ። በኽምጣና ማይክ ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ስልኩ ይንጫጫል። ገበያ የወጡ ሰዎች ማር በቅል ይዘውላት ይመጣሉ። የዱሮ ቃል ስትፈልግ አንድ ቀን "እትዬ አስካለ፣ የኔታን ልጠይቃቸው?" አለችኝ። "ጠይቂያቸው" አልኋት። በገዛ አፌ ነው የፈቀድሁት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም መምጣት ጀመረች። አባቴ የምትመጣበትን ቀን እየጠበቁ ጋቢያቸውን እንዳጥብላቸው ያዝዙኝ ጀመር። ደክሞኝ ከሥራ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ፀዳለን መንገድ ላይ አላየሻትም?" ሆነ። ጥፋት ልፈልግባት ሞከርሁ። ሰው አክባሪ ናት፤ በእጇ ሳትይዝ አትመጣም፤ ሳትታዘዝ ተነስታ ውኃ ትቀዳለች። ጥፋት ማጣቴ ራሱ አናደደኝ።

እንግዲህ ወደ ቃሉ። በወሩ የጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ተቀምጬ አንድ የውጭ ዜና ስተረጉም፣ ከዓመታት በፊት የተሰጠ ውሳኔ አንድን ባለሥልጣን እስከ ዛሬ "ይራንክላቸዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ቃሉ ራንክል ነው። ድሮ መበሳጨት፣ መናደድ ብዬ አልፈው ነበር። "ውሳኔው እስከ ዛሬ ያበሳጫቸዋል" ብዬ ጻፍሁ፤ ሳነበው አልተመቸኝም። ብስጭት ይመጣል፣ ይሄዳል። ዝንብ ያበሳጫል፤ የመብራት መጥፋት ያበሳጫል። ይህ ግን ለዓመታት የተቀመጠ ነገር ነው። ስልኬን አውጥቼ መዝገበ ቃላት ከፈትሁ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው ይላል። እዚያ ትርጉሙ መግል የቋጠረ ቁስል ነበር። ፈረንሳይኛው ያገኘው ከላቲን ሲሆን፣ ላቲኖቹ እንዲህ ያለውን ቁስል ትንሽ ዘንዶ ብለው ይጠሩት ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳሉት መጻሕፍቱ ይገምታሉ፤ የእባብ ንክሻ መስሏቸው ይሆናል ይላሉ፤ ወይም ቁስሉ እንደ እባብ ተጠምጥሞ ስለሚታይ። እርግጡን አላገኘሁም። እንግሊዞቹም መጀመሪያ የተጠቀሙበት ለሥጋ ቁስል ነው፤ ከላይ ጠግጎ ከውስጥ ለሚመግል። ኋላ ነው ከሥጋ ወጥቶ ወደ ልብ የገባው። እኛ "አመረቀዘ" የምንለው መንገዱ ይኸው ነው፤ ቁስልም ያመረቅዛል፣ ቂምም ያመረቅዛል። ዓረፍተ ነገሬን አስተካከልሁ።

ላቲኑ ደግሞ ሥሩ ግሪክ ነው፤ ድራኮን። እዚህ ላይ ስደርስ ቀና አልሁ። ይህን ስም አውቀዋለሁ። ግእዙም ከዚያው ከግሪክ ተቀብሎታል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ተንጋሎ ጦር የሚሰካበት፣ ሁላችን ከልጅነት ጀምሮ በሥዕል የምናውቀው ደራጎን ነው። የእንግሊዙ ራንክልና የጊዮርጊስ ደራጎን የሥጋ ዘመድ ናቸው!

ደስታዬ ለሌላ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔና አባቴን ሁልጊዜ ያገናኘን ነገር ይህ ነበር፤ የቃል ዘር መቁጠር። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት አንድ አዲስ ቃል ይዤ ስመጣ ፊታቸው ይበራ ነበር። ይህን ቃል ለማንም ሳልናገር፣ ለእሳቸው ብቻ ብዬ፣ እየተጣደፍሁ ወደ ቤት ሄድሁ።

በሩ ጋ ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። አባቴ በአማርኛ እንደዚያ አይስቁም። ፀዳለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ለመቅረጽ ደግናው፣ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች።

"እንደምን ዋላችሁ" አልሁ።

"እንደምን ዋልሽ፤ ነይ ግቢ። ምን ይዘሽ መጣሽ?" አሉ አባቴ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠይቁኝ።

ነገርኋቸው። ከእንግሊዝኛው ወደ ፈረንሳይኛው፣ ከፈረንሳይኛው ወደ ላቲኑ፣ ከላቲኑ ወደ ግሪኩ እየወረድሁ ደራጎን ላይ ስደርስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደለቁት።

"ደራጎን! የኛው ደራጎን እንግሊዝ ቤት ገባ በይኛ!"

"ትንሽ ሆኖ ነው የገባው አባዬ። ትንሽ ዘንዶ ነው የሚሉት።"

"ትንሽማ ካልሆነ በየት በኩል ይገባል? ትልቁን ሰው አይቶ ይሸሸዋል። ሳይታይ የሚገባው ትንሹ ነው።"

ፊታቸው በራ፤ እንደ ልጅነቴ። ከዚያ ዞር ብለው ለፀዳለ በኽምጣና አንድ ነገር ጣል አደረጉላት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እሷ ስትመልስላቸው እሳቸው ሳቁ። እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ይዤ የመጣሁት ስጦታ ከእጄ ላይ ተነስቶ ሄደ።

"ምን አሏት?" አልሁ።

"ኧረ ተዪው" አሉ አባቴ፣ ገና ሳቁ ሳይለቃቸው፤ "በአማርኛ አያስቅም።"

ቀጥለው ነገ የማኅበር ተራችን መሆኑን አነሱ። የጊዮርጊስ ማኅበር አለን፤ አባቴም እኔም አባል ነን፤ እኔ በእናቴ ቦታ የገባሁ ነኝ። "እግሬ እንደምታዩት ነው" አሉ። "የሰው ቤት ዳገት መውጣት አልሆነልኝም። ነገ ቦታዬን ለፀዳለ ልለቅላት አስቤያለሁ።"

ፀዳለ ደነገጠች። "የኔታ! እትዬ አስካለ እያሉ?"

"አስካለ የእናቷን ቦታ ይዛለች። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ምን ያደርግላታል?"

"ልክ ነው" አልሁ። ድምፄ እንደ ዜና ነበር። ልክም ነበር፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ፀዳለን ጀንበር ሳትጠልቅ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች "ከልብዎ ነው እትዬ?" አለችኝ። "በጊዜ ድረሺ፤ ማኅበርተኞቹ ማርፈድ አይወዱም" አልኋት። ያልጠየቀችኝን መለስሁላት። ሹሞች ሲያደርጉት የማልወደውን ነው ያደረግሁት።

በማግስቱ ሰዉ ከቅዳሴ ወደ ቤታችን መጣ። እንዲህ ያለ ማኅበር ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አባላቱ በየወሩ በሰማዕቱ ቀን ተራ በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ሙሴ የምንለው መሪ ያስተናግዳል። የኛ ማኅበር የሚጠብቀው አንድ ሥርዓት አለ። ጽዋው ከመነሳቱ፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት "ቂም ይዞ የተቀመጠ አለ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል። አለ ከተባለ ሁሉም ነገር ይቆማል። ባለቂሙ በማን፣ በምን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀየመ በሰዉ ፊት ይናገራል። ይቅር እስኪባባሉ ማንም አይቀምስም። ቂሙን ደብቆ የጠጣ ሰው ጽዋውን ረገጠ ይባላል። ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ጠያቂው ሁልጊዜ አባቴ ናቸው። መልሱም እኔ እስካየሁት ድረስ ሁልጊዜ "የለም" ነው። የተጣላ ካለ ጨርሶ ይመጣል፤ ወይም ይቀራል።

ፀዳለ በጊዜ ደርሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ስለ ቦታቸው ለማኅበሩ ተናገሩ። ተቃዋሚ አልነበረም። ጋዝጊብላን የሚያውቁ አንዳንዶች በኽምጣና መረቋት። ሙሴው ጋሽ ደሳለ ቢላዋቸውን አንስተው ወደ ዳቦው ተጠጉ።

"በዚህ ቤት" አሉ አባቴ፣ "በወንድሙ በእህቱ ላይ ቂም ይዞ የተቀመጠ አለ?"

"የለም" አለ ቤቱ ባንድ አፍ።

የእኔም አፍ "የለም" ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ዕድሜ ልኬን ያላረጋገጥሁትን ወሬ ለሕዝብ ተናግሬ አላውቅም። ይህኛው "የለም" ደግሞ ተረጋግጧል፤ ሐሰት ነው። ዝም ብል አባቴን ደስ ይላቸዋል፤ ልጅቷም ትገባለች፤ እኔ ግን ጽዋውን ረግጬ እጠጣለሁ። ብናገር አንዲት ምስኪን ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ በሰው ፊት ታፍራለች፤ አባቴም እንደዚያው።

"አለ" አልሁ።

የጋሽ ደሳለ ቢላዋ አየር ላይ ቀረ። "ማነው አለ ያለው?"

"እኔ።"

"ባለተራዋ? ምነው አስካለ፣ ከበላን በኋላ ብትቀየሚ ምናለ?"

"ዝም በል፣ አንተ ሆዳም" አሉ እማሆይ ታደሉ፣ ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት። "ልጅቷ ትናገር።"

አባቴ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"በማን ነው የተቀየምሽ?" አሉ ጋሽ ደሳለ።

"በፀዳለ።"

ልጅቷ "እኔ?" አለች።

"ምን አድርጋሽ?"

"ምንም" አልሁ።

"ሰደበችሽ?"

"አልሰደበችኝም።"

"ነገር አመላለሰችብሽ?"

"አላመላለሰችም።"

"ታዲያ በምኗ ተቀየምሻት? በነጠላዋ?"

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው ያዘኝ። ይህ እኔ በየቀኑ ሰው ላይ የምጥለው ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ። ወሬ ይዞ የመጣ ሰው እንደ እኔ ሲመልስልኝ "ያንተ ወሬ መሠረት የለውም" ብዬ እሸኘዋለሁ። መሠረቱ የት እንዳለ ስፈልግ፣ እዚያው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አገኘሁት።

"ስህተት ተናግሬያለሁ፤ ላርም" አልሁ። "በፀዳለ አይደለም። በአባቴ ነው።"

አሁን የሳቀ የለም።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉ ጋሽ ደሳለ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

"እስከ ትናንት ከፀዳለ መምጣት ወዲህ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።"

"በምን?"

"አባቴ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ አላቸው" ብዬ ጀመርሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ተሰበረ። "ሲስቁበት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለእኔ አልሳቁበትም። ትናንት ለሌላ ሰው ልጅ ሲስቁበት ሰማሁ። ምን እንዳሏት ብጠይቃቸው በአማርኛ አያስቅም አሉኝ። ለሷ የሰጡትን ለእኔ ለምን ነፈጉኝ?"

በሥርዓታችን ቂም የተያዘበት ሰው ከተቀመጠበት ወርዶ መሐል ይቆማል። አባቴ እኔ ከመግባቴ በፊት ይህን ሥርዓት ለሌሎች አስፈጽመዋል፤ እሳቸው ላይ ደርሶ አያውቅም። መቋሚያቸውን ጨብጠው ከመደቡ ለመውረድ ታገሉ። ልደግፋቸው ተነሳሁ።

"ተቀመጪ!" አሉ እማሆይ። "ከሳሽ ተከሳሽን አይደግፍም።"

ደግፋ ያወረደቻቸው ፀዳለ ናት። ክንዳቸውን ስትይዝ፣ እዚያ ሁሉ መሐል፣ ቅናቱ እንደ አዲስ ጠዘጠዘኝ።

አባቴ መሐል ቆሙ። "በልጅነቴ ከጋዝጊብላ ለትምህርት ስመጣ" አሉ፣ "አማርኛዬ እንደዚህች ልጅ ነበር፤ ከሷም የባሰ። ዳዊት ሳነብ በምላሴ ይሳቅብኝ ነበር። መምህሬ አርሞ አርሞ ሲሰለቸው 'ያንተ ምላስ ለዜማ አልተፈጠረም' አለኝ። አባት ስሆን ልጄን ማንም በምላሷ አይስቅባትም አልሁ። ሁለት ቋንቋ ካስገባሁ አማርኛዋ ይበላሻል መሰለኝ። እናትሽንም በኽምጣና እንዳታናግርሽ አስማልኋት።"

"እናቴም ትችል ነበር?" አልሁ። ይህን አላውቅም ነበር።

"አንቺ ስትተኚ በሱ እናወራ ነበር። ቀስ ብለን፣ እንዳትሰሚ። እሷ ከሞተች በኋላ የሚያዋራኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ይህች ልጅ እስክትመጣ ድረስ ያ ቋንቋ በዚህ ቤት አልተሰማም።" "የነፈግሁሽ አልመሰለኝም። ያዳንሁሽ ነው የመሰለኝ። ሬዲዮ ላይ ስሰማሽ 'ይኸው፣ ማንም አልሳቀባትም' እል ነበር። ይቅር በይኝ።"

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ደሳለ ቢላዋውን ጨበጥ አደረጉት።

"ምክንያቱ ገብቶኛል" አልሁ። "ግን አልወጣልኝም። ወጥቶልኛል ብል እዋሻለሁ።"

"ካሳ ትጠይቅ" አሉ እማሆይ ታደሉ። "ደንቡ ነው።"

ለማሰብ ጊዜ አላስፈለገኝም። "ከዛሬ ጀምሮ በኽምጣና ያናግሩኝ። ባይገባኝም ያናግሩኝ። አሁን፣ እዚህ ይጀምሩ።"

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። "አስካለ፣ እኔ..." አሉ፤ በአማርኛ። እንደገና ሞከሩ። የመጣላቸው አማርኛ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ የኖሩ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አቃታቸው።

"አልሆነልኝም" አሉ። "አንቺን ሳይ አማርኛ ነው የሚመጣልኝ። ምላሴ አንቺን በዚያ አያውቅሽም።"

ከተናገሩት ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነበር። እውነት መሆኑም ይታያል።

"እንግዲያው አይዩዋታ!" አሉ እማሆይ። "ወደ ግድግዳው ይዙሩ።"

ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጋቢያቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንሸራቶ፣ የድንጋዩን ግድግዳ እያዩ ቆሙ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። አጭር ነው። ድምፃቸው የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ የወጣትነታቸው ሳይሆን አይቀርም። ኽምጣና የሚችሉት አቀረቀሩ። እማሆይ ታደሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፀዳለ ተንደርድራ "እትዬ፣ የኔታ ያሉት..." ስትል "እባክሽ አትንገሪኝ" አልኋት። በትርጉም ልቀበለው አልፈለግሁም። ትርጉም የዕለት ሥራዬ ነው፤ ምን እንደሚያስቀር አውቃለሁ።

"ቂሙስ?" አሉ ጋሽ ደሳለ።

"ሁሉም አልሄደም ጋሼ። ይቅር ለማለት ሙሉ በሙሉ መዳን ያስፈልጋል?"

"ቁስሉ ከፈረጠ ይበቃል" አሉ። "የዳነ ሰው ብቻ ይጠጣ ቢባልማ ጠላው ሁሉ በየቤቱ ሆምጥጦ ይቀር ነበር።"

"ይቅር ብያለሁ" አልሁ። የአባቴን ጉልበት ሳምሁ። ፀዳለ ከኋላዬ "ቦታውን እኔ አልፈልገውም፣ ይቅርብኝ" እያለች ታለቅሳለች። "ትወስጂዋለሽ" አልኋት። "እምቢ ካልሽ አሁን ባንቺ እቀየማለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሳይበሉ ሊያድሩ ነው።" ያኔ ነው ቤቱ እንደገና የሳቀው፤ ዳቦውም ተቆረሰ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅናት ለቀቀኝ እንድላችሁ አትጠብቁ። ፀዳለና አባቴ ሲሳሳቁ ዛሬም አንድ ነገር ይወጋኛል። የቃሉን ዘር ከእንግሊዝ እስከ ግሪክ ማወቄም አላዳነኝም። የበሽታን ስም ማወቅ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ መዝገበ ቃላት የሚጽፉት ሁሉ ጤነኛ ይሆኑ ነበር። ልቤ ውስጥ የቀረው ያ ሥርዓት ነው፤ በማን፣ በምን፣ ከመቼ። ሥራዬን ስሠራ ሌላውን ሰው ስጠይቀው የኖርሁትን እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። እናንተንም ቅናት ሲይዛችሁ አፋችሁ ላይ መጀመሪያ የሚመጣውን ስም አትመኑት። እኔ የመጀመሪያውን አምኜ ብቀር ኖሮ አንዲት ንጹሕ ልጅ ከቤታችን አባርሬ፣ ቁስሌን እንደያዝሁ እቀመጥ ነበር። ስሙን ተናገሩና ሰውየው ምን እንዳደረገባችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሳችሁ "ምንም" ከሆነ ሰውየው ሌላ ነው፤ ምናልባትም በጣም የምትወዱት ሰው ነው።

አባቴ ካሳቸውን እየከፈሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ወደ ግድግዳ ሳይዞሩ አይሆንላቸውም ነበር፤ አሁን ዓይናቸውን መጨፈን ይበቃቸዋል። ፀዳለ ታርመኛለች፤ እኔም የሷን ዜና አርማለሁ። ስሳሳት ትስቅብኛለች። አባቴ በልጃቸው ምላስ የሚስቅ ሰው ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ አሁን እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ያን ቀን ወደ ግድግዳው ዞረው ምን እንዳሉ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ከወራት በኋላ፣ ነፋሻ በሆነ አንድ የገበያ ቀን፣ ለዘገባ እህል ተራ ቆሜ ሳለ አንድ የጋዝጊብላ ገበሬ ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች። አባቷ የጋቢውን ጫፍ ከፈት አድርጎ አንድ ነገር አላት። እያንዳንዱ ቃል ያንን ቀን የሰማሁት ነው። ሳልተረጉመው ገባኝ። "ነይ፣ ብርዱ ሳይመታሽ እዚህ ግቢ" ነው ያላት። ልጅቷ ጋቢው ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ዘገባዬን ሳልጨርስ ወደ ቤት ተመለስሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ይዘሽ መጣሽ ሳይሉኝ፣ ነፋሱ እንዳቀዘቀዘኝ፣ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከፈቱልኝ።